«ኪቱ ካሳለፈ ምርመራው ይቅር» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ወባ ምርመራ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው ነበር፤ የሥራ ባልደረቦቼ ልከውልኝ እኔም አነበብኩት። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ በየጤና ኬላው የሚሠራበት ፈጣን መመርመሪያ ኪት የወባ በሽተኞችን «ወባ የለባችሁም» እያለ እያሳለፈ መሆኑን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አምነዋል፤ ስለዚህ ኪቱ አይረባም። ጥናቱ የተሠራው ደግሞ ሌላ ኪት ለመሸጥ ነው። አመለጠ የተባለውም ከመቶ ዐሥር አይሞላም። የሚሻለው ወባ ባለበት አገር ያተኮሰውን ሁሉ መድኃኒት መስጠት፣ ካልሆነም ወደ ማይክሮስኮፕ መመለስ ነው። በከተማ ታየ የሚባለው ወባም ከቆላ በመንገደኛ የመጣ እንጂ ሌላ አይደለም።

ጽሑፉ መነሻ ያደረገው በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪ በስንደው መካሻ ፈለቀ የተመራውንና እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር ማይክሮባዮሎጂ በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የታተመውን ጥናት ነው። እኔ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ በመተማ በኩል ባሉ ጤና ጣቢያዎች ለዓመታት የወባ ስላይድ፣ ማለትም መስታወት ላይ የተቀባ ደም፣ በማይክሮስኮፕ ሳነብ ኖሬያለሁ። ጥናቱን አንብቤ ጽሑፉን ሳየው ስለ አንድ ጉዳይ የሚያወሩ አልመሰሉኝም። ልዩነቱ የአመለካከት ብቻ ቢሆን ባለፍኩት ነበር። ነገር ግን በክረምቱ መውጫ፣ የወባ ወረፋ ከጤና ጣቢያው በር ውጭ በሚሰለፍበት ሰሞን፣ ይህን ምክር የተቀበለ ሰው ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ እመልሳለሁ።

«ኪቱ አይረባም» ከሚለው ልጀምር። ኪቱ የሚፈልገው ተህዋሱን ራሱን አይደለም። ከጣት ጫፍ የተወሰደችው የደም ጠብታ ካሴት በሚባለው የኪቱ ፕላስቲክ ላይ ትደረጋለች፤ ፈሳሹ ሲጨመርባት ደሙ ወረቀቱን ተከትሎ ይሳባል። ወረቀቱ ላይ ቀድሞ የተቀመጠው ፀረ እንግዳ አካል፣ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ወደ ደም የሚለቀውን ኤችአርፒ2 የሚባል ፕሮቲን ካገኘ ይይዘዋል፤ መስመሩ ይወጣል። ፕሮቲኑ ከሌለ መስመሩም የለም። ይህ ፕሮቲን የተመረጠው ደግሞ በበቂ ምክንያት ነው። ፋልሲፓረም በብዛት ያመርተዋል፤ በእሱ ላይ የተመሠረቱት ኪቶችም ከሌሎቹ ይልቅ ሙቀት ይችላሉ። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቆላ፣ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ለሚቀመጥ ካርቶን ይህ ትልቅ ነገር ነው። መብራትና ማይክሮስኮፕ በሌለበት ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በሩብ ሰዓት ገደማ ውጤት አውቃ ኮአርተም የተባለውን የወባ መድኃኒት እንድትሰጥ ያስቻላት ይኸው ኪት ነው።

የተለወጠው ተህዋሱ ነው። አንዳንድ ፋልሲፓረሞች ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን ጠፍቶባቸዋል። ጂኑ ሳይኖራቸውም ይራባሉ፣ ያሳምማሉ፣ በትንኝ ይተላለፋሉ። ኤችአርፒ3 የሚባል ተቀራራቢ ፕሮቲን አለ፤ እሱ ካለ ኪቱ አንዳንዴ በእሱ በኩል ሊያገኛቸው ይችላል። ሁለቱም ጂኖች ሲጠፉ ግን ለኪቱ ምንም የሚይዘው ነገር አይቀርለትም። ይህ እኛ ዘንድ የተጀመረ ነገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ከፔሩ አማዞን ተዘገበ። በጎረቤት ኤርትራ በጊንዳዕ ሆስፒታል ከተመረመሩት 26 የፋልሲፓረም ናሙናዎች 21ዱ የኤችአርፒ2 ጂን አልነበራቸውም፤ ምጽዋ ላይ ደግሞ ከ24ቱ 10ሩ። ኤርትራም ኪቷን ቀየረች፤ ምርመራውን አላቆመችም። ጸሐፊው ይህን የኤርትራ ታሪክ በአንድ መስመር እንኳ አለማንሳታቸው ያሳዝናል፤ ጥናቱን ከልባቸው አንብበውት ቢሆን ሊያልፉት አይችሉም ነበር።

ነገሩ በሥራ ቦታ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት አንድ ወጣት ሳሉግ (ለአጨዳ የመጣ የቀን ሠራተኛ) በጓደኞቹ ተደግፎ መጣ። እርሻው አጠገብ ባለ ጤና ኬላ ተመርምሮ «ወባ የለብህም» ተብሏል፤ የራስ ምታት ክኒን ይዞ ተመልሶ ሥራ ገብቷል። እኛ ዘንድ ሲደርስ በብርድ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ደሙን በወፍራምና በስስ ቀባሁት፤ ደረቀ፤ ተህዋሱን የሚያሳየው ጊምሳ የተባለ ቀለም ተቀባ። ዘይት ጠብ አድርጌ በመቶው ሌንስ ሳየው ስሱ ላይ ቀያይ የደም ሴሎቹ ውስጥ ስስ ሰማያዊ ቀለበቶች፣ ጫፋቸው ላይ ቀይ ነጥብ፣ አንዳንዱ ሴል ውስጥ ሁለት ሁለት። ፋልሲፓረም ነው፤ ያውም ብዙ። ኪቱን ደገምኩት፤ ኪቱ መሥራቱን የሚያሳየው የመቆጣጠሪያ መስመር ደምቆ ወጣ፣ የፋልሲፓረሙ ቦታ ባዶ። ወጣቱ የአርቴሱኔት መርፌ ተጀመረለት፤ ተረፈም። የእሱ ተህዋስ ጂኑ የጠፋበት ይሁን አይሁን እኔ በማይክሮስኮፕ ልለይ አልችልም። ይህን ለመለየት ነው ጥናት ያስፈለገው።

ጸሐፊው በዚህ ላይ «ኪቱ የዳነውንም ሰው ወባ አለብህ ይላል» ብለዋል። ይህ እውነት ነው። ኤችአርፒ2 ተህዋሱ ከሞተ በኋላም ለሳምንታት በደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል፤ መድኃኒት የወሰደ ሰው መዳን አለመዳኑ በዚህ ኪት የማይታየውም ለዚህ ነው። የአንድ መሣሪያ ድክመት ከታወቀ በዚያው ልክ ይሠራበታል።

አሁን ወደ ከባዱ ክስ ልምጣ፤ «ጥናቱ ሌላ ኪት ለመሸጥ የተሠራ ነው» ወደሚለው። ክሱ ማስረጃ አልቀረበበትም። ቢሆንም ጥናቱ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ለአንባቢ ይጠቅማል። እነ ስንደው መካሻ እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 ኢትዮጵያ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን በምትዋሰንባቸው የትግራይ፣ የአማራና የጋምቤላ አካባቢዎች 12,572 ሰዎችን መረመሩ። በእንዲህ ያለ ጥናት የሚያስቸግረው ነገር አንድ ነው፦ ጂን «የለም» ማለት «አለ» ከማለት ይከብዳል። ዘረመልን አባዝቶ በሚፈልገው የላብራቶሪ ምርመራ፣ በፒሲአር ስትፈልገው ያጣኸው ጂን በእርግጥ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ናሙናው ውስጥ የነበረው ተህዋስ አንሶ፣ ወይም የደረቀው ደም ተበላሽቶም ሊሆን ይችላል። ጥርጣሬ ያለው ሰው መጠየቅ የነበረበት ይህንን ነበር። ጸሐፊው አልጠየቁትም፤ ተመራማሪዎቹ ግን ራሳቸውን ጠይቀውበታል። በፒሲአር ብቻ አልቆሙም። የፕሮቲኑን መጠን ከኪቱ እጅግ በሚበልጥ ስስ የላብራቶሪ ዘዴ ለኩት፤ ፕሮቲኑ በእርግጥ ደሙ ውስጥ እንደሌለ አረጋገጡ። ከዚያም የተህዋሱን ዘረመል አንብበው ጂኖቹ የተደረደሩበት ክሮሞዞም ጫፍ ላይ የተቆረጠው ከየት እስከ የት እንደሆነ አዩ። በተለያየ መንገድ ተሄዶ አንድ መልስ ሲገኝ፣ የአሜሪካው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች በሥራው ተሳተፉ ተብሎ ሐሰት አይሆንም። ናሙናው የተሰበሰበው በእኛው ጤና ተቋማት ነው፤ ጥናቱን የመሩት የእኛው የመንግሥት ተቋም ተመራማሪ ናቸው። ችግሩን ሸፍነው ቢሆን ኖሮ ነበር መወቀስ የነበረባቸው።

ከቆረጣው ንባብ የተገኘው ነገር ደግሞ የጥናቱ ትልቁ ግኝት ይመስለኛል። የኤችአርፒ3 ጂን መጥፋት ቆየት ያለ ነው፤ በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ ቦታ፣ ለየብቻው ደጋግሞ የደረሰ ይመስላል። የኤችአርፒ2 ጂን መጥፋት ግን አንድ ዓይነት ቆረጣ ነው፤ ያውም በቅርብ ጊዜ በሁሉም የተጠኑ ክልሎች የተስፋፋ። ይህ ለምን ሆነ? ኪቱ ጂኑን አላጠፋውም፤ ጂን በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ነገር ግን በኪት ተመርምሮ የተገኘበት ሰው መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ተህዋሱ ይሞታል። ያልተገኘበት ሰው መድኃኒት ሳያገኝ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ትንኝ ትነክሰዋለች፣ ተህዋሱ ወደ ሌላ ሰው ይሻገራል። ይህ ከዓመት ዓመት ሲደጋገም ኪቱ የማያየው ዘር እየበዛ ይሄዳል። ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት ማብራሪያ ይህ ነው፤ በአገሪቱ ያለው የምርመራ ስልት በአስቸኳይ እንዲታይም ጠይቀዋል። የጠየቁት እንዲታይ ነው፤ እንዲቀር አይደለም።

«ከመቶ ዐሥር ካልሞላ ምን ያስጮሃል?» ለሚለው መልሱ ከዚሁ ይከተላል። ጥናቱ እንደሚገምተው በኤችአርፒ2 ብቻ የሚሠሩ ኪቶች በጂኑ መጥፋት ምክንያት ከፋልሲፓረም በሽተኞች 9.7 በመቶውን ያሳልፋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን 5 በመቶ ነው፤ ከዚያ ካለፈ አገር ኪቷን ትቀይር ይላል። ስለዚህ ቁጥሩ ከወሰኑ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በዚያ ላይ ያመለጡት ሰዎች በዕጣ የወጡ አይደሉም። ሁሉም የሚያመልጠውን ዘር የተሸከሙ ናቸው፤ ዛሬ የታለፈው ነገ የሚበዛው እሱ ነው። የጊንዳዕ ቁጥር ሩቅ አገር የተሰማ ወሬ አይደለም፤ ከትግራይ ድንበር ማዶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። እንዲህ ባለ ዓመት በአንድ ቀን ብዙ ሰው የምታስተናግድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከፋልሲፓረም በሽተኞቿ ከዐሥሩ አንዱን «ነጻ ነህ» ብላ ብትልክ፣ ያ አንዱ የሦስት ዓመት ሕፃን ቢሆን፣ ትንሽ ቁጥር ነው የሚል ወላጅ አላውቅም።

ከሁሉም የከፋው ምክር «ያተኮሰውን ሁሉ መድኃኒት ስጡት» የሚለው ነው። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ ድሮ የተሠራበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ወባ የተጠረጠረበት ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይመርመር ያለው የዚያን አሠራር ጉዳት አይቶ ነው። በእኛ አካባቢ የሚያተኩሰው ወባ ብቻ ነው? ተስቦ አለ፣ ግርሻ አለ፣ ታይፎይድ አለ፣ ሕፃናት ላይ የሳንባ ምች አለ፣ ማጅራት ገትር አለ። በመተማና በሁመራ ደግሞ ካላዛር አለ፤ ጣፊያ ያሳብጣል፣ ያከሳል፣ ካልታከመ ይገድላል። የካላዛር በሽተኛ ኮአርተም እየዋጠ «ወባዬ አልለቅ አለኝ» ሲል ሳምንታት ያልፋሉ፤ እነዚያ ሳምንታት የሕይወቱ ናቸው።

ወባውም ቢሆን አንድ አይደለም። ኢትዮጵያን ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የሚለያት ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ የተባሉት ሁለት የወባ ዓይነቶች ጎን ለጎን መኖራቸው ነው። የቫይቫክስ ሕክምና ሌላ ነው፤ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ስለሚነሳ ከክሎሮኪኑ ጋር ለ14 ቀን ፕሪማኪን ይሰጣል። ኮአርተም የጉበቱን አይነካም። ሳይመረመር መድኃኒት የሚሰጥ ሰው የትኛውን እየሰጠ ነው? ደግሞም ጸሐፊው «ኪቱ አይረባም» ሲሉ ያላስተዋሉት ነገር አለ፤ እኛ ዘንድ በብዛት በተሠራበት ኪት የቫይቫክሱ መስመር የሚወጣው በኤችአርፒ2 ሳይሆን በሌላ ፕሮቲን ነው። የጂኑ መጥፋት እሱን አይነካውም። በአንድ ቃል ኪቱን ሙሉ በሙሉ ሲጥሉት ከቫይቫክስ በሽተኛውም እጅ ቀሙት ማለት ነው።

መድኃኒቱን እንደ ቆሎ መበተን የሚያስከትለውም ይታወቃል። በእነዚያው ናሙናዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት፣ ከወባ በሽተኞቹ 8 በመቶ በሚሆኑት ውስጥ ኬልች 13 በሚባለው ጂን ላይ 622አይ የተባለ ለውጥ አግኝቷል። ይህ ለውጥ ተህዋሱ እንደ ኮአርተም ላሉ መድኃኒቶች መሠረት ለሆነው ለአርቴሚሲኒን ቶሎ እንዳይበገር ያደርገዋል ተብሎ የሚጠረጠር ነው። ለውጡን ከተሸከሙት ተህዋሳት 8.2 በመቶው ደግሞ ከኪቱም የሚሰወሩ ሆነው ተገኙ። ምርመራው አያየውም፣ መድኃኒቱም በፍጥነት አይገድለውም። አርቴሚሲኒን ያለበት መድኃኒት ዛሬ ዋናው መከላከያችን ነው። ወባ ለሌለበት ሰው በሰጠነው ቁጥር መድኃኒቱን እያባከንን፣ የሚቋቋሙትን ዘሮችም እየረዳን ነው።

ማይክሮስኮፕን በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። ጥሩ ዓይን ያለው ባለሙያ፣ ንጹሕ ስላይድና በትክክል የተዘጋጀ ጊምሳ ካሉ ጂን ጠፋ አልጠፋ ተህዋሱ ይታያል፤ የዚያ ሳሉግ ሕይወት የተረፈው በዚህ ነው። ለጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ቀለም፣ ዘይት፣ አምፖልና ሥልጠና በጀት ይመደብ ቢሉ ኖሮ ከእሳቸው ጎን እሰለፍ ነበር። «በየቦታው ኪቱን በማይክሮስኮፕ እንተካ» ሲሉ ግን ሥራውን አያውቁትም። አንድ ስላይድ «የለም» ለማለት ቢያንስ መቶ መስክ፣ ማለትም በሌንሱ በአንድ ጊዜ የሚታይ ቦታ መቶ ጊዜ፣ መታየት አለበት። ወረፋው ሲረዝም፣ ዓይን ሲደክም፣ መብራት ሲጠፋ፣ መቶው ሠላሳ ይሆናል። ያረጀ ጊምሳ ዝቃጭ ይጥላል፤ ጀማሪ ያንን ዝቃጭ ወባ ብሎ ይቆጥረዋል፣ ወይም እውነተኛውን ቀለበት ዝቃጭ ነው ብሎ ያልፈዋል። ጤና ኬላ ላይ ደግሞ ማይክሮስኮፑም የለም፣ መብራቱም የለም፣ ላብራቶሪ የተማረ ሰውም የለም። እዚያ ኪቱን ካነሣን የሚቀረው ግምት ብቻ ነው። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ፋልሲፓረምን በኤችአርፒ2 ብቻ ሳይሆን ኤልዲኤች በሚባለው ኢንዛይም በኩልም የሚፈልግ ኪት። ተህዋሱ ኃይል የሚያመነጨው በዚህ ኢንዛይም ስለሆነ ጂኑን ጥሎ መኖር አይችልም። ይህ ኪትም የራሱ ድክመት አለው፤ ሙቀት እንደ ኤችአርፒ2ው አይችልም፣ ተህዋሱ ሲያንስም የማየት አቅሙ ዝቅ ይላል። እንደዚያም ሆኖ ከጨለማ ይሻላል።

ጸሐፊው ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ለወባ ይረዳል ብለው የጻፉትን በአጭሩ ላልፈው። ሰው ከመድኃኒቱ ጋር ቢበላው አልከለክልም። በመድኃኒቱ ፈንታ ከሆነ ግን ፋልሲፓረም ከትኩሳት ወደ ራስ መሳት ለመድረስ ቀናት ብቻ ሊበቁት እንደሚችሉ ይወቅ።

የመጨረሻው ነጥብ «ወባ የቆላ ነው፤ ከተማ የገባው በመንገደኛ ነው» የሚለው ነው። ይህን ድሬዳዋ ውድቅ አድርጋዋለች። አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባል ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ተገኘች። የእኛ የለመድናት ትንኝ ዝናብ የሠራውን ኩሬ ትፈልጋለች። ይህቺ ግን ሰው ያጠራቀመውን ውሃ ትወዳለች፤ ክዳን የሌለው በርሜል፣ የሲሚንቶ ማጠራቀሚያ፣ ለግንባታ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ ሁሉ ይበቃታል። ስለዚህ ከተማ ይመቻታል፣ በጋም አያግዳትም። ጅቡቲ በ2012 የመዘገበችው የወባ በሽተኛ 27 ብቻ ነበር፤ በ2020 ከ70,000 በላይ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ ወረርሽኝ ሲነሣ በአርማወር ሀንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት የፍጹም ታደሰ ቡድን ጸሐፊው ያነሡትን ጥያቄ ራሱን ለመመለስ ወጣ፤ ወባው ከውጭ የመጣ ነው ወይስ እዚሁ የሚተላለፍ? የወባ በሽተኞችን ቤተሰብና አብሯቸው የሚኖረውን ሰው፣ እንዲሁም በሌላ ትኩሳት የመጡ ሕሙማንን ቤተሰብ መርምረው አወዳደሩ። ወባው በወባ በሽተኞቹ ዙሪያ ተሰባስቦ ተገኘ፤ በቤቱ አቅራቢያ ይህቺ ትንኝ መኖሯም ከዚያ ጋር አጥብቆ የተያያዘ ነበር። ትንኞቹ ተይዘው ሲመረመሩ ወደ ሰው የሚሻገረው የወባ ተህዋስ ተገኘባቸው። የተህዋሱ ዘረመል ሲነበብም እርስ በርሱ እጅግ የተቀራረበ፣ አንድ ዘር እዚያው የተራባ ነበር። በየአቅጣጫው ከመጡ መንገደኞች የተለቀመ ቢሆን እንዲህ አይመሳሰልም። ያም ዘር መድኃኒትን የመቋቋምም፣ ከኪት የመሰወርም ምልክት ነበረበት። ጥናቱ በ2023 ኔቸር ሜዲሲን ላይ ወጥቷል። ድሬዳዋ ለሚኖር አንባቢ «ወባህ የመንገደኛ ነው» ማለት በርሜልህን አትክደን ማለት ነው።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን «ታዲያ ሕዝቡ ምን ያድርግ?» ብለው ነበር የዘጉት። የጤና ቢሮ ኃላፊ ከሆኑ መጋዘን ይግቡና የካርቶኑን ጽሑፍ ያንብቡ፤ የፋልሲፓረሙ መስመር በኤችአርፒ2 ብቻ የሚሠራ ነው ወይስ ኤልዲኤችንም ይጨምራል? በዚያ መልስ መሠረት ቀጣዩን ግዢ ይዘዙ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከሆኑ ኪቱ ነጻ ያለው ሰው ትኩሳቱ ካልለቀቀው በማግስቱ እንዲመለስ ይንገሩት፤ ያስታወከ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ራሱን የሳተ ወይም መቆም ያቃተው ከሆነ ግን ማግስት ሳይሉ ያኔውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩት። በሽተኛው ወይም የበሽተኛው እናት ከሆናችሁ ደግሞ ጤና ጣቢያ ስትደርሱ ኪቱ ምን እንዳለ ለላብራቶሪው ንገሩና ስላይድ ይታይልን በሉ። ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው።